አለርጂ ያለበት ቤት በጅምላ ሲሸምት

 

ዛሬ የምናገረው ስለ ጆንያ ነው። አዳማ በጆንያ የምትኖር ከተማ ናት ብል የሚቀየመኝ ያለ አይመስለኝም። ከጅቡቲ ተጭኖ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚገሠግሠው ፓስታና ዘይት በደጃችን ያልፋል። ስንዴውና ገብሱ ከአርሲ ይወርድልናል፤ ጤፉ ከሉሜና ከአድአ ይመጣል፤ ለውዙ ከወደ ባቢሌ ነው፤ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ከመቂና ከባቱ። በርበሬ ሲደርስ የየጓሮው ሰሌን ይቀላል። ቤተሰብ አቅሙ ከፈቀደ ጤፉን በኩንታል፣ በርበሬውን በፈረሱላ፣ ዘይቱን በጀሪካን ነው የሚያስገባው። ስለዚህ የጅምላ ሸመታ ላስተምራችሁ አልመጣሁም፤ ያንን ከእናቶቻችን የምማረው እኔ ነኝ። የመጣሁት ያ ጆንያ ለውዝ ወይም ወተት ወይም ስንዴ የማይነካ ልጅ ያለበት ቤት ሲገባ ምን እንደሚሆን ለመነጋገር ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። "አይስማማኝም" የምንለው ነገር ቢያንስ ሦስት የተለያየ ጉዳይ ነው። ወተት ሲጠጣ ሆዱ የሚነፋና የሚጮኽበት ሰው ጠቡ ብዙ ጊዜ ላክቶስ ከሚባለው የወተት ስኳር ጋር ነው። ያስቸግረዋል እንጂ አይገድለውም፤ ጥቂት ቢቀምስ ምንም ላይሆን ይችላል። ሴሊያክ የሚባለው ሕመም ደግሞ በስንዴና በገብስ ውስጥ ባለው ግሉተን ሰበብ አንጀትን ቀስ በቀስ የሚጎዳ ነው። ሦስተኛው ዋናው የምግብ አለርጂ ነው፤ የሰውነት መከላከያ በምግቡ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን እንደ ወራሪ ቆጥሮ ይዘምትበታል። ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ገላ ሽፍ ይላል፣ ያሳክካል፣ ከንፈርና ዐይን ያብጣል፣ ያስመልሳል፤ ሲከፋም ጉሮሮ ይዘጋል፣ የደም ግፊት ይወርዳል። ለዚህ ሰው "ትንሽ ብትቀምስ ምን አለበት" የሚባል ነገር የለም።

በሰፈራችን ደግሞ አራተኛ ስም አለው። ልጁ ሰርግ ቤት በልቶ ፊቱ ሲያብጥና ሲያስመልሰው "ሰው አይቶት ነው፣ ቡዳ በላው" ይባላል። ነገሩ ሰው ፊት ሲበላ መድረሱ እውነት ነው፤ እቤቱ የማይሠራውን ምግብ ያገኘው እዚያ ነዋ! ጸበል ለሚሄደውም ዱዓ ለሚያስደርገውም እንቅፋት አልሆንም። ከመሄዱ በፊት ግን ሳህኑ ላይ ምን እንደነበር ይጠይቅ፤ ቢቻል ይጻፈው። ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ከማንኛውም ምርመራ በፊት የሚጠየቀው ይህንኑ ነው።

"ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው" የሚሉም አሉ። በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የጅማ ጥናት፣ አስምና የደረት ማፏጨት ከገጠሩ ይልቅ በከተማው ነዋሪ ላይ በዝቶ እንደተገኘ አሳይቶ ነበር። አስም የምግብ አለርጂ አይደለም፤ ዘመዱ ግን ነው። አስም ያለበት ልጅ የምግብ አለርጂም ሲኖርበት አነሣሡ የከፋ ይሆናል። ከተሞቻችን ደግሞ እየሰፉ ነው፤ ጉዳዩ የሌላ አገር ወሬ ሆኖ አይቆይም።

እንግዲህ ወደ ሸመታው። ከአሜሪካ ዘመድ የመጣላችሁ ሰዎች ሻንጣ ሲከፈት አይታችኋል፤ ግዙፍ የፕላስቲክ ማሰሮ ሙሉ የተደባለቀ ለውዝና ገውዝ፣ በኪሎ የሚቆጠር ቸኮሌት። አብዛኛው የሚገዛው የመጋዘን ክለብ ከሚባሉት መደብሮች ነው። ይህን ንግድ ሶል ፕራይስ የተባለ ሰው በ1976 እ.ኤ.አ. ሳንዲዬጎ ውስጥ በአሮጌ የአውሮፕላን ማቆያ ቤት ጀመረው። ኮስትኮ በ1983 ሲያትል ላይ ተከፈተ፤ ሳምስ ክለብም በዚያው ዓመት። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በየዓመቱ የአባልነት ክፍያ ትከፍላለህ፣ ዕቃው መደርደሪያ ሳያምረው ከነጣውላው ወለል ላይ ተቆልሎ ይጠብቅሃል፣ በትልቁ ትገዛለህ፣ በርከስ ይልልሃል። ይህን ስሰማ እኔን ትዝ የሚለኝ የቀበሌያችን ሸማቾች ማኅበር ነው። መመዝገቢያ አለው፣ አባልነት አለው፣ ስኳርና ዘይት ሲመጣ ወረፋ አለው። እንዲያውም የእኛው ይሻላል፤ የሸማቾች አባል አክሲዮን ስላለው ትርፍ ሲኖር ይካፈላል፤ የዚያኛው አባል ግን የመግቢያውን በር ነው የሚከራየው። መንግሥትም በበኩሉ "አለ በጅምላ" የሚል የጅምላ መደብር ከፍቶ ሞክሮታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ቦርድ በመመሪያ ቁጥር 1001 የጅምላና የችርቻሮ ንግዱን ለውጭ ባለሀብት ከፍቷል። ከእነዚያ መጋዘኖች አንዱ ነገ ሞጆ መንገድ ዳር ቢቆም አይግረማችሁ።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ልጃቸው አለርጂ ሲኖርበት እነዚህን መደብሮች የሚወዱት ለዋጋው ብቻ አይደለም። እሽጉ ከፋብሪካው እንደወጣ ነው፤ የተሠራበት ሁሉ ላዩ ላይ ተጽፏል፤ አንዴ ተመርምሮ የተወደደ ዕቃ ለወራት ያስኬዳል። የዚያ አገር ሕግ በ2004 እ.ኤ.አ. ስምንት የአለርጂ ምግቦች በግልጽ እንዲጻፉ አዘዘ፤ ከ2023 ጀምሮ ሰሊጥ ዘጠነኛ ሆኗል። ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? አንዳንድ ዳቦ ጋጋሪዎች መሣሪያቸውን ከሰሊጥ ማጽዳት ሲያሰለቻቸው ሆን ብለው ሰሊጥ ጨምረው "ሰሊጥ አለበት" ብለው ጻፉ። ሕጉ "ካለበት ጻፍ" አለ እንጂ "አታስገባ" አላለም! ስለዚህ ሰሊጥ የማይነኩ ሰዎች ሲበሉት የኖሩት ዳቦ አንድ ጠዋት የማይበላ ሆነባቸው። ማሸጊያው ያው ሆኖ ውስጡ ሊለወጥ ስለሚችል፣ እዚያ ያሉ እናቶች ያንኑ ዕቃ በገዙ ቁጥር ጽሑፉን እንደ አዲስ ያነባሉ። በየመተላለፊያው የሚሰጠውን የነጻ ቅምሻ ደግሞ ልጆቻቸውን አያስነኩም።

አሁን ያ ሻንጣ ወደ ተከፈተበት ሳሎን እንመለስ። ዘመድ ትልቁን ከረጢት ይቀድና ለጎረቤቱ ልጅ አንድ እፍኝ፣ ለአክስት አንድ እፍኝ ያድላል። እያንዳንዷ ቸኮሌት ለብቻዋ ተጠቅልላለች፤ ጥቅሏ ላይ ግን ስሟ እንጂ ውስጧ አብዛኛውን ጊዜ አልተጻፈም፤ ዝርዝሩ ያለው ትልቁ ከረጢት ላይ ነው። ምግቡ ወደ ሰፈር ወጣ፤ ወረቀቱ ሳሎን ቀረ።

የእኛም የየዕለት ሸመታ እንዲሁ ነው። ባለሱቁ የዱቄቱን ጆንያ ይፈታል፣ በማንካ ይዝቃል፣ በፌስታል ይመዝናል። የወተት ዱቄቱም፣ ብስኩቱም፣ ምስሩም እንደዚያው። በዚያው ማንካ! የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የታሸገ ምግብ ገላጭ ጽሑፍ እንዲኖረው ይጠይቃል፤ ጽሑፉም ጆንያው ላይ ሊኖር ይችላል፤ ወደ ፌስታሉ ግን አይወርድም። ጆንያው ከባለሱቁ ጋር ይቀርና በኋላ የከሰል መያዣ ይሆናል። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ አለርጂ ላለበት ቤት ጅምላ የሚጠቅመው በዋናነት ስለሚረክስ ሳይሆን ምግቡ ከመረጃው ሳይለይ ቤት ስለሚደርስ ነው። አደጋውም ከዚሁ ይመጣል፤ ስሕተቱ ከገባ በኩንታል ነው የሚገባው፤ ቤተሰቡም ያወጣው ገንዘብ አሳዝኖት "እስኪያልቅ እንብላው" ይላል።

ጽሑፉ ሲገኝስ ማን ያነበዋል? እኛ ዘንድ የሚገባው ዕቃ ብዙ ቋንቋ ይናገራል። ከወደ ዱባይ የመጣ ብስኩት ላይ "ሐሊብ" ካለ ወተት ነው፣ "ሲምሲም" ሰሊጥ፣ "ፉል ሱዳኒ" ለውዝ። የእንግሊዝኛው ላይ ወተት ሁልጊዜ በስሙ አይጠራም፤ "ኬዚን" እና "ዌይ" የሚባሉት ሁለቱም የወተት ፕሮቲኖች ናቸው። ቡና ላይ የሚነሰነሰው ከውጭ የሚመጣ ነጭ የክሬም ዱቄት "ወተት አልባ" ተብሎ እየተሸጠ ብዙ ጊዜ ኬዚን ይገኝበታል። ላክቶስ ለማይስማማው ይበቃ ይሆናል፤ የወተት አለርጂ ላለበት ግን ስሙን የለወጠ ወተት ነው።

አሁን ወፍጮ ቤት እንግባ፤ ትልቁ ጉዳያችን ያለው እዚያ ነው።

ጤፍ ግሉተን የለውም። በ2005 እ.ኤ.አ. የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ይህን በታላቅ የሕክምና መጽሔት ካወጡ ወዲህ ጤፍ በአውሮፓና በአሜሪካ የሴሊያክ ሕሙማን ምግብ ሆኖ በውድ ይሸጣል። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የፈጠራ መብት እስከ ማውጣት ደርሶ ነበር፤ የሔግ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. መብቱን ውድቅ አደረገው። በዚህ ሁሉ ደስ ብሎናል። ነገር ግን ጤፋችን ንጽሕናውን የሚያጣው አምስተርዳም ሳይሆን እዚሁ ሠፈራችን ወፍጮ ቤት ነው። ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው ስንዴ አስፈጭቷል፤ ከድንጋዩ ጥርስና ከቋቱ ጥግ የቀረው ዱቄት በእናንተ ጤፍ ላይ ይወርዳል። ደኅና ወፍጮ ቤት ለበርበሬና ለሽሮ የተለየ ወፍጮ አለው፤ በርበሬ ስለሚያቃጥል ማንም ሰው እንጀራው እንዲለበልበው አይፈልግም። ለጤፍና ለስንዴ ግን ብዙ ቦታ ልዩነት አይደረግም፤ ስንዴ አያቃጥልማ! የሚያቃጥለው አንድን ልጅ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ወፍጮ ቤቱን አያውቀውም።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ዱቄት አትግዙ፤ እህሉን ግዙ። ጤፍ ከእህል ሁሉ ደቃቅ ስለሆነ በወንፊት ሲነፋ ጤፉ ይወርዳል፣ ስንዴውና ገብሱ ከላይ ይቀራል። እናቶቻችን ለንጽሕና ብለው የሚሠሩት ይህ ሥራ ለሴሊያክ ሕመምተኛ ሕክምና ነው። አንዴ ከተፈጨ በኋላ ግን ጤፉን ከስንዴው የሚለይ ወንፊት የለም። ወፍጮ ቤት ስትሄዱ ጠዋት ሳይነካካ ድረሱ፤ ባለወፍጮው እንዲጠርግላችሁ ለምኑ፤ መጀመሪያ የሚወርደውን ጥቂት ኪሎ ለብቻ ተቀብላችሁ ሌላው የቤት ሰው ይብላው፤ የራሳችሁን ንጹሕ ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ። ባለወፍጮው በመጀመሪያው ቀን ያኮርፋል፤ ምክንያቱን ስትነግሩት ግን በአብዛኛው ይገባዋል። የእኛ ሰው የልጅ ነገር ይገባዋል።

የተጋገረ እንጀራ የምትገዙ ከሆነ የምታወሩት ስለ ሌላ ነገር ነው። የጤፍ ዋጋ ከናረ ወዲህ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ስንዴ የማይገባበት እንጀራ ማግኘት ችሎታ ይጠይቃል። ውጭ አገር ባሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶችም ስንዴ የተቀላቀለበት እንጀራ የተለመደ ነው፤ ፈረንጁ "ግሉተን የለውም" ብሎ አምኖ ይበላና ይታመማል። መቀላቀሉን ወንጀል አልለውም፤ ሰው ጾሙን ከሚያድር ይሻላል። አለመናገሩ ነው የሚያስቀይመኝ። ጤፍ ውስጥ ጀሶ ወይም ሰጋቱራ ሲገኝ አገር ይጮኻል፤ ስንዴ ሲገኝ "እሱማ ምግብ ነው" ይባላል። እርሾውንም አትርሱ፤ ከጎረቤት የተበደራችሁት እርሾ የጎረቤትን ድብልቅ ይዞ ይመጣል። ምጣዱ የሚታሰስበት ጎመን ዘር ከሰናፍጭ ጋር ዝምድና ስላለው ሰናፍጭ የማይነካ ሰው እሱንም ይጠይቅ።

ስለ ጾም አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል። የወተትና የእንቁላል አለርጂ ላለበት ቤት የኦርቶዶክስ ጾም ከማንኛውም የፋብሪካ ጽሑፍ የበለጠ መለያ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት ሲደማመሩ የዓመቱን ግማሽ ያህል ምግብ ቤቱ ሁሉ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ያዘጋጃል። አዳማ ላይ "የጾም ኬክ" የሚል ኬክ ቤት ማግኘት አያስቸግርም። እስላሙም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ዋቄፈታውም ልጁ የወተት አለርጂ ካለበት ይህን ማወቁ ይበጀዋል፤ "የጾም ነው ወይ?" ብሎ መጠየቅ "ወተት አለበት ወይ?" ከማለት ይልቅ ትክክለኛ መልስ ያስገኛል፤ አስተናጋጁ ለሁለተኛው ይገምታል፣ በመጀመሪያው ግን ይጠነቀቃል። ያም ሆኖ ጋጋሪው ትሪውንና ማንኪያውን ከፍስኩ ጋር የሚጋራ ከሆነ፣ ወይም የገባበት ማርጋሪን የወተት ዱቄት ካለው፣ መለያው ፍጹም አይደለም።

ለለውዝና ለሰሊጥ አለርጂ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጾም ሲገባ ማባያው የሱፍ ፍትፍት፣ የተልባ ፍትፍት፣ የሰሊጥ፣ የለውዝ ቅቤ፣ ሻዩም የለውዝ ሻይ ነው። ለአንዱ ልጅ መጠለያ የሆነው ወቅት ለሌላው በጣም አስጊው ነው። የጾም ዘይት በሰፈር መጭመቂያ የሚያስጨምቅ ቤተሰብም ይወቅ፤ ኑግ፣ ሰሊጥ፣ ለውዝ፣ ሱፍ በአንድ መሣሪያ ይጨመቃሉ፤ እንዲህ ሳይጣራ የሚወጣ ዘይት የእህሉን ፕሮቲን ይዞ ይወጣል። በፋብሪካ በደንብ የተጣራው በዚህ በኩል ይሻላል። የገበያው ቆሎም ገብስ፣ ሽምብራና ለውዝ አንድ ላይ የተጋቡበት ስለሆነ ለለውዙም ለግሉተኑም አይሆንም። አብሽ ደግሞ ስውር ነው። የጥራጥሬ ዘር ነው፤ ተመራማሪዎች ለውዝ የማይነኩ አንዳንድ ሰዎች ለአብሽም እንደሚቆጡ አይተዋል። አብሽ የሌለበት ምን አለን? በርበሬው ውስጥ አለ፣ ንጥር ቅቤው ውስጥ አለ። የለውዝ አለርጂ ያለበት ሰው ሁሉ አብሽ ይከልከል ማለቴ አይደለም፤ ለውዝ ሳይበላ ሲነሣበት ግን ሐኪሙ እንዲያስብበት ይንገሩት። የዓመቱ በርበሬ አንዴ ከተፈጨ አብሹን ከውስጡ ማውጣት አይቻልም፤ ስለዚህ የልጁ አለርጂ የታወቀበት ቤት ከመፍጨቱ በፊት ይወስን።

ይህ ነገር ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ በሕፃናት ምጥን ነው። ጎበዝ እናት ለስድስት ወር ልጇ ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተር፣ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ አብሽ ጨምራ ታስፈጫለች፤ ብዙ ዓይነት በገባ ቁጥር የእናትነት ሙያዋ ይመሰገናል። ልጁ ሽፍታ ሲወጣበት ግን ከስምንቱ የትኛው እንደሆነ ማን ያውቃል? ምጥኑ እንዳለ ይጣላል፤ ወይም የተሳሳተው እህል ይወነጀላል፤ ልጁም ያለ በቂ ምክንያት ምግብ ይከለከላል። ይህን ምጥን በኪሎ ኪሎ ለይታችሁ አስፈጩ፤ ገንፎው ሲሠራ ቀላቅሉ። አዲሱን እህል አንድ በአንድ፣ ጥቂት ቀን እየጠበቃችሁ አስገቡ። "አለርጂ ይሆንበታል" ብሎ ፈርቶ ለውዝን ማዘግየት ግን አይጠቅምም። በ2015 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣ የለንደን ጥናት ለአለርጂ የተጋለጡ 640 ሕፃናትን ተከታትሎ፣ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ለውዝ የበሉት በአምስት ዓመታቸው 3 በመቶ ያህሉ፣ የተከለከሉት ደግሞ 17 በመቶ ያህሉ የለውዝ አለርጂ እንደያዛቸው አግኝቷል። ለሕፃን የሚሰጠው ግን ልሞ በገንፎ ውስጥ ነው፤ ፍሬው ያንቃል። ከባድ ችፌ ወይም ሌላ የምግብ አለርጂ ያለበት ሕፃን አስቀድሞ ሐኪም ይየው። ለተጎዱ ሕፃናት የሚታደለው ፕላምፒ ነትም ለውዝና የወተት ዱቄት ያለበት መሆኑን እግረ መንገዴን ላስታውስ፤ አንዳንድ ሱቅ እንደ ጣፋጭ ሲሸጥ ይታያል።

የላም ወተት የማይነካ ልጅ ላለበት "የፍየል ስጪው" የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል። አትስሙት። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣ የጣሊያን ጥናት የላም ወተት አለርጂ ካለባቸው 26 ልጆች 24ቱ ለፍየሉም ተቆጥተዋል፤ ፕሮቲኑ በጣም ተመሳሳይ ነው። የግመል ወተት ግን የተለየ ነው። የላም ወተት ውስጥ ካሉት ዋና አስቆጪዎች አንዱ የሆነው ቤታ ላክቶግሎቡሊን የለውም፤ ብዙ ልጆችም ችለውት ታይተዋል። እኛ ደግሞ የከረዩ ግመሎች ከሚሰማሩበት ከፈንታሌና ከመተሐራ ቅርብ ነን! ሁሉም ልጅ ይችለዋል ማለት አይደለም፤ የመጀመሪያው ቅምሻ በሐኪም ፊት ይሁን፤ ወተቱም ይፈላ፣ ጥሬ ወተት የሚያመጣው ብሩሴሎሲስ ቀልድ አይደለም። ስለ ባቱ ዓሣ ብዙ አልልም፤ ቆሮሶው በተጠበሰበት ዘይት ድንቹና ሳምቡሳው እንደሚጠበስ ዓሣ የማይነካ ሰው ይወቅ።

"ለኩንታል ገንዘብ ከየት ይምጣ?" የምትሉ አላችሁ፤ ልክ ናችሁ። በየቀኑ በጣሳና በፌስታል የሚሸምተው ደሃ ነው፤ ጽሑፉ የማይደርሰውም እሱ ነው። እዚህ ላይ ዕቁባችን ይጠቅማል። ሦስት አራት ቤት ሆኖ አንድ ኩንታል ጤፍ ከሚታወቅ ገበሬ፣ ወይም በራችን ላይ ካለው ከሉሜ አዳማ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን መጠየቅ ይቻላል፤ ማሳው ላይ ከዚያ በፊት ምን እንደተዘራ፣ አውድማው የስንዴም እንደሆነ የሚመልስላችሁ ሰው የሚገኘው እዚያ ነው፤ ችርቻሮ ሱቅ ይህን ቢጠይቁት ይስቃል። ወፍጮ ቤቱንም አራት ቤት አብሮ ሲመጣ ባለቤቱ በደስታ ይጠርግላችኋል። ሙሉውን ከመጫናችሁ በፊት ግን አምስት ኪሎ ወስዳችሁ ጋግሩና እዩት። የአዳማ ሙቀት ደግሞ ለነቀዝ ይመቻል፤ ለውዝና ሰሊጥም ቶሎ ይሻግታሉ። እህሉን አብዝታችሁ ዱቄቱን አሳንሱ። የልጁ ዕቃ ላይኛው መደርደሪያ ይቀመጥ፣ ሌላው ከታች፤ የሚፈሰው ወደ ታች ነው። የጆንያውን ጽሑፍ ከነምርት ቁጥሩ በስልክ ፎቶ አንሡት፤ ጆንያው ሲጠፋ ስልኩ ይኖራል።

ጥንቃቄው ሁሉ ተደርጎም አለርጂው ከተነሣስ? ልጁን ጋደም አድርጉት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ፤ መተንፈስ ካስቸገረው ቁጭ ይበል እንጂ አታስቁሙት፣ አታስሮጡት። ሎሚም ወተትም አያድነውም። የማሳከክ ኪኒን ሽፍታውን ያስታግሳል፤ የሚዘጋ ጉሮሮ ግን አይከፍትም። መድኃኒቱ ጭን ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው፤ ሆስፒታል ስትደርሱ "ምግብ ነው፣ ጉሮሮው እየተዘጋ ነው" ብላችሁ ከወረፋው ቅደሙ። በዚያች ሰዓት ይሉኝታ የለም።

ይሉኝታ ካልኩ፣ አክስቶች፣ ከጉርሻ በፊት እናቱን ጠይቁ። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ልጁ ግን እምቢ ማለት አልተማረም፤ አንድ ጉርሻ ደግሞ ሽሮም ቅቤም እንቁላልም ሊይዝ ይችላል። ሰርግና ለቅሶ ላይ ወጥ የምትሠሩ የዕድር እናቶችም ቅቤ ያልገባበትን ድስት ለብቻ አስቀምጡ፤ ለጾመኛው የምታደርጉትን ለታመመው ማድረግ አያቅታችሁም።

ለወፍጮ ቤት ባለቤቶች የምለው አንድ ነው። ለበርበሬ ወፍጮ የለያችሁ ሰዎች ለጤፍም ለዩ፤ ካልቻላችሁ በሳምንት አንድ ጠዋት ለጤፍ ብቻ ስጡና በሩ ላይ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ጻፉት። ባለሱቆች፣ የፈታችሁትን ጆንያ ጽሑፍ ቆርጣችሁ ሚዛኑ አጠገብ ስቀሉት፤ ለእያንዳንዱ ጆንያም የራሱን ማንካ ስጡት። የሸማቾች ማኅበር አመራሮች ደግሞ ከዚህ ስትወጡ ወደ መዝገባችሁ ሂዱ፤ ከአባሎቻችሁ መካከል አለርጂ ያለበት ልጅ ያላቸውን ጠይቁና ስማቸውን ጻፉ፤ ቀጣዩ ጭነት ከመከፋፈሉ በፊት ያልተፈታ ጆንያ እንዲወስዱ ቅድሚያ ስጧቸው።